ትኋን የሚያወራው በሽታ ነው

ርዕሱን ያነበበ ሰው «ዶክተር ደግሞ ትኋን በሽታ ያስተላልፋል ሊለን ነው» ብሎ እንዳይደነግጥ። «በሽታ» ያልኩት በጠረን፣ በማሽተት ለማለት ነው። ትኋን አይጮህም፣ አይዘፍንም፤ ኑሮው በጨለማ ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ዓይኑም ያን ያህል አይጠቅመውም። ከጓደኞቹ ጋር በዋናነት የሚግባባው ከሰውነቱ በሚያወጣው ኬሚካል ነው። ይህን ንግግሩን ትንሽ ካወቅን ለምን በፍሊት እንደማይጠፋ፣ ካጸዳን በኋላ ለምን እንደሚመለስ፣ ምን ብናደርግ እንደሚሻል ይገባናል። ዛሬ ረዘም አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለምን ይህን ርዕስ እንዳነሳሁ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት አያት (እማማ ልበላቸው) የ4 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ጉንጩ፣ አንገቱና ክንዱ ላይ ቀይ ቀይ እብጠት ወጥቶበታል፤ አንዳንድ ቦታ ሦስት አራት ሆኖ በተርታ ተሰልፏል። ሌሊቱን ሲያክክ ያድራል። ከዚያ በፊት «እከክ ነው» ተብሎ ሁለት ጊዜ የሚቀባ መድኃኒት ታዞለታል። ሁለተኛውን ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ «ማታ ማታ ያሳክከዋል» ሲሉኝ የጣቶቹን መሃል በደንብ ሳላይ ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው ጊዜ እማማ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ ይሄ እከክ አይደለም፤ ትኋን ነው። ክፍላቸው ስገባ ሸቶኛል። እናንተ ታክማላችሁ እንጂ አታሸቱም» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። የማሳከኪያ ሽሮፕ ሰጥቼ፣ «ትኋኑን አጥፉት» ብዬ ሸኘኋቸው። እንዴት እንደሚጠፋ ግን አልነገርኳቸውም። ከ10 ቀን በኋላ ልጁ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባ። አባትየው ከገበያ በውሃ ላስቲክ የተቀዳ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት «የትኋን መድኃኒት» ገዝቶ፣ ፍራሹን እስኪርስ ረጭቶ፣ ማታ «ሽታው ወጥቷል» ብሎ ልጁን አስተኝቶበታል። ልጁ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ያስመልሰዋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። የረጩት ለሰብል የሚሆን፣ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን የሆነ መርዝ ነበር። አትሮፒን ተሰጥቶት፣ ኦክስጅን ላይ ሦስት ቀን ቆይቶ ተረፈ። ትኋኑ ያላደረገውን የትኋኑ መድኃኒት ሊያደርገው ነበር።

እንግዲህ ወደ ትኋኑ እንመለስ።

በሳይንሱ ትኋን ሄሚፕቴራ ከሚባለው ትልቅ የነፍሳት ወገን ነው። የዚህ ወገን መለያው አፉ ነው፤ አያኝክም፣ እንደ መርፌ ወግቶ ይመጣል እንጂ። ጎመን ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽ፣ ቡና ፍሬ ላይ የሚቀመጠው አንቴስቲያ የሚባለው ተባይ፣ ሁሉም የሱ ዘመዶች ናቸው። ብዙዎቹ የተክል ጭማቂ ይመጣሉ፤ የኛው ደግሞ ደም። በላቲን አሜሪካ ቻጋስ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ደም መጣጭ ዘመድ አለው። የቤታችን ትኋን ግን ሰውን እየወጋ በሽታ እንደሚያዛምት እስካሁን አልተረጋገጠም። ኤችአይቪም ሆነ ሄፓታይተስ አያስተላልፍም፤ ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል።

አዋቂው ትኋን ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። ሳይመገብ ጠፍጣፋ ስለሆነ ምስር ፍሬ ይመስላል፤ ከጠጣ በኋላ ይረዝምና ይቀላል። እንቁላሉ 1 ሚሊሜትር ገደማ፣ ነጭ ጤፍ የሚያህል፣ እንጨት ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነው። ሴቷ በቀን ጥቂት እየጣለች በዕድሜዋ በመቶዎች ትጥላለች። በሞቃት ቤት እንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ጫጩቱ አዋቂ እስኪሆን አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል፤ በየመሃሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደም ማግኘት አለበት። ያ የተገፈፈ ቆዳ ቆሻሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ትልቅ ሥራ አለው።

በካናዳ፣ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሬጊነ ግሪስ እና ገርሃርድ ግሪስ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች አሉ። ትኋን በቀን እርስ በርሱ ተጠጋግቶ የሚውለው ምን እየጠራው እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ፈጅተዋል። ለምርምር ብዙ ትኋን ማርባት ያስፈልጋል፤ ትኋን ደግሞ ደም ይፈልጋል። ሬጊነ የገዛ ክንዷን ሰጠች። በየሳምንቱ ወደ አንድ ሺህ ትኋን ክንዷ ላይ ይመገብ ነበር፤ ሥራው እስኪያልቅ ከ180,000 ጊዜ በላይ ተነክሳለች። እሷን የመረጡበት ምክንያት ደግሞ ለሐኪም የሚጥም ነው፤ ባሏ ሲነከስ ሰውነቱ ክፉኛ ያብጣል፣ እሷ ግን ከቀላል መቅላት በስተቀር ብዙም አይሰማትም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ አልጋ ላይ ከሚተኙ ባልና ሚስት አንዱ ሲያክክ ሌላው «እኔን ምንም አልነካኝ፣ ትኋን የለም» ሲል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሁለቱም ተነክሰዋል። ልዩነቱ የሰውነታቸው ምላሽ ነው።

ውጤቱ በ2014 ማብቂያ እ.ኤ.አ. ወጣ። ከትኋን ካካና ከተገፈፈው ቆዳ ውስጥ በአየር ላይ የሚበኑ አምስት ኬሚካሎች ተገኙ። እነዚህ አምስቱ ከሩቅ «ኑ፣ መጠለያው እዚህ ነው» እያሉ ይጠራሉ። ነገር ግን የመጣው ትኋን እዚያው እንዲቀር የሚያደርገው ስድስተኛ ነገር ነበር፤ እሱ በአየር አይበንም፤ ትኋኑ ሲረግጠው፣ ሲነካው ነው የሚያውቀው። ይህ ስድስተኛው ነገር ሂስታሚን ሆኖ ተገኘ።

ሂስታሚን! እኛ ሐኪሞች ቀኑን ሙሉ የምንታገለው። ስትነከሱ ቆዳችሁን የሚያሳብጠው፣ የሚያቀላውና የሚያሳክከው ከገዛ ሰውነታችሁ የሚለቀቀው ሂስታሚን ነው። ሴትሪዚን፣ ሎራታዲን የምንላቸው ክኒኖች «አንቲሂስታሚን» የሚባሉት እሱን ስለሚከለክሉ ነው። ለእኛ «እከክ፣ እከክ» የሚለው ኬሚካል ለትኋን «እፎይ በል፣ ቤትህ ደርሰሃል» ይለዋል። እኔ ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ነገሩ በሳቅ ብቻ አይቀርም። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ትኋን ባለባቸው ቤቶች ወለል ላይ ያለው አቧራ ትኋን ከሌለባቸው ቤቶች ቢያንስ 20 እጥፍ የሚበልጥ ሂስታሚን ተገኝቶበታል። ቤቱ በሙቀት ታክሞ ትኋኑ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ እንኳ ሂስታሚኑ አቧራው ውስጥ ነበር። ይህ አቧራ አስም ያባብሳል የሚል ማረጋገጫ እስካሁን አልወጣምና አስም ያለባችሁ አትሸበሩ። ለቤት ጽዳት ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ትኋኑን ገድላችሁ ጥቁር ነጠብጣቡንና ቆዳውን ፍራሹ ስፌት ላይ ከተዋችሁት፣ ለሚቀጥለው እንግዳ «ክፍት ቤት አለ» የሚል ማስታወቂያ ሰቅላችኋል። ስለዚህ መግደል ግማሽ ሥራ ነው፤ ጠርጎና አጥቦ ምልክቱን ማጥፋት ሌላው ግማሽ።

አሁን ወደ እማማ አፍንጫ እንምጣ። ትኋን ስትጨፈልቁ የሚወጣውን ሽታ አገራችን ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ ለጋ የድምብላል ቅጠል ይለዋል፤ ስህተት አይደለም። ሁለቱም ጠረናቸውን የሚያገኙት አልዲሃይድ ከሚባል የኬሚካል ቤተሰብ ነው። በትኋኑ በኩል ዋናዎቹ ሄክሴናል እና ኦክቴናል ይባላሉ። ትኋን ሲደነግጥ ወይም ሲጎዳ ይህን በብዛት ይለቃል፤ በአካባቢው ያሉት ያን ሲያሸቱ ይበተናሉ። የማስጠንቀቂያ ጩኸታቸው ነው ማለት ነው። የሚገርመው፣ እነዚሁ ሁለት ኬሚካሎች ከጠሪዎቹ አምስት መካከልም አሉ። በጥቂቱ ሲሆን «ኑ»፣ ሲበዛ «ሽሹ» ይሆናል። ሽቶም በልኩ ሲሆን ሰው ያቀርባል፣ ሲያበዙት ደግሞ ታክሲ ውስጥ መስኮት ያስከፍታል አይደል?

ወንዱም ይህን ሽታ ለሌላ ነገር ይጠቀምበታል። ወንድ ትኋን ሴትና ወንድ ለይቶ አይቀርብም፤ በቅርቡ ደም ጠጥቶ ያበጠ ትኋን ካየ መውጣት ነው። የተወጣበት ወንድ ያን ሽታ ለቅቆ «እኔም እንዳንተው ነኝ» ይለዋል፣ ያኛውም ይወርዳል። ይህን ያነሳሁት አንድ ሽታ እንደየቦታው ስንት ትርጉም እንዳለው እንድታዩ ነው፤ ለቤታችሁ ጽዳት አይጠቅማችሁም።

እኛን የሚያገኘን ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። ስንተነፍስ የምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሰውነታችን ሙቀትና ጠረን ይመሩታል። መጥቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠጥቶ ይመለሳል። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር አለ፤ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ንጹሕና የተለበሰ ልብስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ትኋኖቹ ከንጹሑ ይልቅ በተለበሰው ላይ በእጥፍ ያህል ይሰበሰባሉ። ክፍለ አገር ሄዳችሁ ፔንሲዮን ስታድሩ ያወለቃችሁትን ልብስ መሬት ላይ ወይም ክፍት ሻንጣ ውስጥ ጥላችሁ አትተኙ። በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ፤ ቤት ስትደርሱም ሳታራግፉ በቀጥታ ወደ ሙቅ ውሃ። ከውጭ ለምትመጡም ያው ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በትኋን ወሬ ስትታመስ አይታችኋል። ትኋን ድሃና ሀብታም አይለይም፤ ድሃ ቤት የሚከርመው ማስወገጃው ውድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለሐኪም ለመናገር አትፈሩ። እማማ ባይናገሩ ኖሮ እኔ ሦስተኛ የእከክ ቅባት አዝዤ ነበር።

ፍሊት ለምን አይሠራም? መጀመሪያ ነገር፣ ትኋን ተላምዶታል። ይህ አዲስ አይደለም፤ ዲዲቲ ተአምር በተባለበት ዘመን፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ፐርል ሃርበር የወታደር ማደሪያ ውስጥ ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ተገኝቷል። ዛሬ ፍሊት ውስጥ ያሉት ፓይሬትሮይድ የሚባሉት መርዞችም ላይ በብዙ የዓለም ክፍሎች እንዲሁ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ጭሱ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ክፍል ዘግተው የሚለቀቁ የጭስ ጣሳዎችን ከሰው ቤት በተሰበሰቡ ትኋኖች ላይ ሞክረው፣ ይህ ነው የሚባል ውጤት አላገኙም። ሦስተኛ፣ እንቁላሉን ብዙ ጊዜ አይነካውም። ያልሞተው ደግሞ ወደ ጎረቤት ክፍል ይሻገራል። በቀበሌ ቤት አንድ ግድግዳ የምትጋሩ ሰዎች ብቻችሁን ስትረጩ ትኋን እየተቀባበላችሁ ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ጀምሩ።

ስለ መርዙ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ጽሑፍ የሌለበት፣ በላስቲክ የተቀዳ ፈሳሽ ቤት አታስገቡ። ማላታይንም ሆነ ዳያዚኖን ለፍራሽ የተሠሩ አይደሉም። ነጭ ጋዝና ቤንዚን አልጋ ላይ ማፍሰስ ቤት ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው ግን ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን፣ አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በበር ሥርና በአየር ማስገቢያ በኩል አልፎ ጎረቤት ይደርሳል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በገልፍ አገሮች የምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ይህን በተለይ ስሙ፦ እዚያ ትኋን ለማጥፋት አፓርታማ ውስጥ ክኒኑን አስቀምጠው ሲወጡ፣ ምንም የማያውቁ የጎረቤት ልጆች የሞቱባቸው አጋጣሚዎች በተደጋጋሚ ደርሰዋል። ቀጣሪ ወይም አከራይ «ይህን ክኒን አልጋ ሥር አድርገን ክፍል ዘግተን እንሂድ» ካለ፣ ያን ሌሊት ከጎን ክፍልም ቢሆን እዚያ ቤት አትደሩ። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ መጥቶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የደረት መጨነቅ ከተሰማችሁ ዕቃ ሳታነሱ ወደ ውጭ ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ፣ አምቡላንስ ጥሩ።

ሰው የሚረጭ መርዝ ከነካው ደግሞ፦ ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት (እናንተ ጓንት ወይም ላስቲክ እጃችሁ ላይ አድርጉ)፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወተት አታጠጡት፤ እንዲያስመልሰውም ጣት አታስገቡበት። ወተት መርዝ አያረክስም። ራሱን ያላወቀ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የገባ ወተት ወደ ሳንባ ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሁሉ የሚሻለው ሙቀት ነው። ሙቀትን እስካሁን የተላመደ ትኋን የለም። 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል፤ ዋናው ነገር ሙቀቱ እነሱ ያሉበት ስንጥቅ ውስጥ መድረሱ ነው። ድሮ እናቶቻችን የእንጨት አልጋ ወደ ደጅ አውጥተው የፈላ ውሃ መገጣጠሚያው ላይ ያፈሱ ነበር። ትክክል ነበሩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ለትኋን ከበቂ በላይ ነው። ልጆችን አርቁና ቀስ ብላችሁ በማንቆርቆሪያ አፍስሱ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፤ ማሽን ከሌለ በፈላ ውሃ ይዘፍዘፍ። የማይታጠብ ትንሽ ዕቃ በላስቲክ ታስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን ይቆይ። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የላዩ ሲሞቅ ትኋኑ በጥላው በኩል ወደ ታች ይወርዳል፣ የፍራሹ ሆድም አይሞቅም። ቢሆንም በብርሃን ስፌቱን ለማየትና በብሩሽ ለመጥረግ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የጠረጋችሁትን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጨምሩት።

ቀጥሎ መደበቂያውን መዝጋት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ የተሰቀለ ሥዕል ጀርባ፣ የሶፋ ሆድ፣ የአልጋ ርብራብ፤ ሁሉም የነሱ ሰፈር ነው። ጋዜጣውን ላጡት፣ ስንጥቁን በጭቃም በጀሶም በሲሚንቶም ድፈኑ። የተገለገሉበት ሶፋ ወይም ፍራሽ ከመግዛታችሁ በፊት ስፌቱን ገልጣችሁ በባትሪ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አትደራደሩ፣ ጥላችሁ ሂዱ።

ከዚያ አልጋውን ደሴት አድርጉት። ከግድግዳ አርቁ፣ አንሶላው መሬት አይንካ፣ አራቱንም እግር ትንሽ የዱቄት ሳሙና የተጨመረበት ውሃ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከመሬት የሚመጣውን ይይዛል፣ ጠዋት ጠዋት ቆጥራችሁ መቀነሱንም ታውቃላችሁ። ውሃው ትንኝ እንዳያራባ በየሁለት ቀኑ ለውጡት። እንቁላሎቹ ኋላ ስለሚፈለፈሉ ሥራውን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድገሙት፤ ከዚያም ሁለት ወር ያህል እያያችሁ ቆዩ። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል፤ ቤት ዘግቶ ለሁለት ሳምንት ዘመድ ቤት መሄድ አያስርበውም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በባልካን አገሮች፣ በቡልጋሪያና በሰርቢያ፣ ሰዎች የቦሎቄ ቅጠል አልጋ ዙሪያ መሬት ላይ በትነው ያድሩና ጠዋት ጠርገው ያቃጥሉት ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆ ፀጉሮች የትኋኑን እግር ወግተው ይይዙታል። ቤታችሁን በቦሎቄ አልብሱ እያልኩ አይደለም፤ ግን የአያቶችን ነገር ሳይፈትሹ መናቅ ጥሩ አይደለም፤ እማማ አስተምረውኛል።

አጎበር ላይ ያለውን ቅሬታ ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው። ወባ ባለባቸው አካባቢዎች «አጎበሩ ትኋን ያመጣል» ብለው አጥፈው የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አሉ። አጎበር ላይ ያለው መድኃኒት መጀመሪያ ሰሞን ትኋንንም ይገድል ነበር፤ ሰውም ወዶት ነበር። ትኋኑ መድኃኒቱን ሲላመድ ተመልሶ መጣ፤ የአጎበሩ እጥፋትና ስፌትም መደበቂያ ሆነው። ሰው ይህን አይቶ አጎበሩ አመጣብኝ አለ። ትኋን ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ወባ ግን ይገድላል። አጎበሩን አውርዳችሁ ስፌቱን መርምሩ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፤ እሱን ግን አታፍሉት፣ መድኃኒቱ ይጎዳል። ከዚያ መልሳችሁ ስቀሉት።

በመጨረሻ ወደ ቆዳው። ትኋን የሚመርጠው ያልተሸፈነ ቦታ ነው፤ ፊት፣ አንገት፣ ክንድ። እከክ የጣቶች መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ወገብና ብልት አካባቢ ይወዳል። ቁንጫ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ነው። ትኋን ሲነክስ እብጠቱ ወዲያው ላይወጣ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ «ትናንት ያደርኩበት ቤት ነው» ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ያለፈውን ሳምንት አስቡ። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሃይድሮኮርቲሶን ቅባት ለጥቂት ቀን፣ ማታ አንቲሂስታሚን። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች መጠኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይንገራችሁ፤ ዴክሳሜታሶን እየገዛችሁ አታስወጉ። የታከከው ቦታ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከጋለና ከቀላ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ብዙ ትኋን ባለበት ቤት የሚኖር ልጅ ወይም አረጋዊ ገርጥቶ ቶሎ ቶሎ ከደከመው (ደም ማነስ ሊሆን ይችላል) ወደ ጤና ተቋም አምጡ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ።

እማማ ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ፣ ለደም ግፊታቸው መጥተው ነበር። ልጁ ደህና ነው። አልጋውን ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ አጥበውታል፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተመርጓል፣ የጎን ጎረቤትም አብሮ ሠርቷል። ከአራቱ ቆርቆሮዎች በመጀመሪያው ሳምንት 23 ትኋን ቆጥረዋል፤ ከሁለት ወር ወዲህ ምንም የለም። «እርግጠኛ ነዎት?» ስላቸው አፍንጫቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ «አሸትቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ።